መስኮቱን ማን ከፈተው?

እኔ ጫማ ጠጋኝ፣ ዛግሬብ፣ ትራሙ ሲታጠፍ፤
ያድራንካ ከላዬ፣ ሌሊት የማታርፍ።
ሊፍቱ ከተበላሸ ሦስት ክረምት አልፎታል፤
እግሯ ደረጃውን፣ ጆሮዬ እግሯን ለምዶታል።

ሥራዋ ማሳቅ ነው፣ ሥዕል አንቀሳቅሳ፣
ለአንዷ ሰከንድ ሕይወት አሥራ ሁለት ሉክ ጨርሳ።
ለማስነጠስ ስድስት፣ ዓይን ለመጥቀስ ሦስት፤
«ለመውደቅስ?» አልኳት፣ ጫማዋን ስሰፋላት።
«መውደቅ ርካሽ ነው፣ በሁለት ወረቀት ያልቃል፤
መነሣት ነው ጣጣው፣ ስንት ደብተር ይፈጃል!»

ማስቲካ የዋጠ ልጅ ሣለች፤ ያ ማስቲካ
ሰባት ዓመት ሙሉ ሆድ ውስጥ ይማር ኖሯል ለካ፤
ሲመረቅ ጊዜ፣ ጥቁር ካባ ደርቦ፣
ወጣ ፎቶ ሊነሣ፣ አንጀቱን ሰብስቦ።
ዓሣም ሣለች፣ «ቶሎ ትረሳለች» የሚሏትን፤
ከብርጭቆ ሆና ስትጠራ ባለዕዳዎቿን፣
ስም ከነአያቱ፣ ቀን ከነሰዓቱ፤
ድመቷ ሳትቀር ደነገጠች፣ ዱቤ አለባት ከጥንቱ።

የዘንድሮው ፊልሟ ፕሮፑህ ነው፣ የኛ ጉድ፣
በሁለት መስኮት መሃል ሽው ሲል የሚያርድ።
ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ ጭስ ማውጫው ሲናድ፣
እኛ በፒጃማ ቀልደናል በመንገድ፤
ግን ሁለት መስኮት ባንድ ላይ ከተከፈተ፣
«አንገቴን!» ይላል ሰው፣ ቁጭ ባለበት ሞተ።
ሐኪም «ቫይረስ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል?
ቫይረስ በምን ይገባል? በመስኮት ይገባል!

ባልቴት ናት ፊልሙ ላይ፣ በነጠላ ጫማ፣
ነፋስ ስታሳድድ በሙሉ ከተማ፤
የቁልፍ ቀዳዳ በጥጥ ትደፍናለች፣
የአኮርዲዮኑን ሆድ በትራስ ታፍናለች፤
የዓለምን በሮች ዘግታ ስትጨርስ
አየር አጠራት፣ አንዱን ከፈተች ልትተነፍስ።

ያቺን አረማመድ፣ ወደ ግራ ዘንበል፣
አየኋትና ዝም አልኩ፤ ምን ልበል?
ያን ተረከዝ በየዓመቱ የምጠግነው እኔ!
ቁርጥ ሮዛሊያን ናት፣ እናቷን፤ አየኋት በዓይኔ።

ፊልሙ የታየ ዕለት ነሐሴ ነበረ፤
የኛ ነሐሴ እሳት ነው። ማቀዝቀዣው ተሰበረ፣
በሩንም መስኮቱንም ወለል አደረጉት።
ሰው ሳቀ። ሮዛሊያም ሳቀች፣
በመሐረቧ ዕንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች፤
ከዚያ ተነሣች።
ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዘንበል፣
በሩን ዘግታ ተመለሰች።
ጭብጨባው ቤቱን አናጋው፣ የፊልሙ ክፍል መሰላቸው፤
እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ማጅራቴን ደስ አለው።

«እማዬ» አለች ልጇ ደረጃው ላይ፣ ፊቷ ቀልቶ፣
«እስኪ ንገሪኝ፣ ነፋስ ማንን ገደለ?»
«ድራጉቲንን!»
«ድራጉቲን በሰማንያ ስምንት ዓመቱ
ከፕሪም ዛፍ ነው የወደቀው!»
«ታዲያ ለምን ወደቀ? ዛፍ ላይ ምን አለ?
ነፋስ ነዋ!»
ልጅቱ አፏን ከፈተች፤ እናቷ በሻርፕ ሸፈነችላት።

ትናንት ያድራንካ መስኮት ከፍታ ስትሥል አድራ
ጠዋት ሱቄ ገባች፣ አንገቷ እንደ እንጨት ደርቆ።
«ትራስ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት ገና።
«ትራስ ነው» አልኩ እኔም፣ ምን አገባኝና።
«ለእናቴ አትንገር።»
«ምኑን? ትራሱን?»

ማታ ሱቄን ስቆልፍ ከላይ ድምፅ ሰማሁ፣
እንደ ሌባ፣ ቀስ ብሎ የሚዘጋ መስኮት።
ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።
«ወረቀቶቹ እንዳይበሩብኝ ነው!» አለች
በቀረችው ስንጥቅ።
«አዎ፣ ወረቀት ይበራል» አልኩና
የኮቴን ኮሌታ ወደ ላይ አቆምኩ።